ብርቱካንና ኪኒን

መድኃኒቱ የልጄን አፍ ስለሚያደርቀው ከኪኒኑ ጋር ብርቱካን እልጥለታለሁ። ሽታው ሲያውደኝ ልጅነቴ፣ መርሳ ያለው የአያቴ ጓሮ ይመጣብኛል። አጎቴ ሰይድ እንደ ልጄ የማናየውን ሰው ያናግር ነበር፤ ያኔ ሕመሙ መድኃኒት እንዳለው ስላላወቅን ከብርቱካኑ ግንድ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ይውል ነበር። አያቴ ፍሬውን እያጎረሱት፣ «አትሽሺ ልጄ፣ በስሙ ጥሪው። ከራቀበት ይሰማሽ ይሆናል» አሉኝ። ሰንሰለቱ ግን እስኪሞት ከእግሩ አልወለቀም።

ዛሬ ልጄ፣ «ወላሂ እማ፣ ድኛለሁ እኮ! ከእንግዲህ አልውጥም» አለኝ።

«ሐኪሙ አታቋርጥ ብሎህ የለ? ባለፈው ስትተወው የሆንከውን ረሳኸው? በአላህ ዋጠው፣ የኔ አባት።»

ብርቱካኑን በላና ወደ ግድግዳው ዞረ። ኪኒኑ መዳፌ ላይ ቀረ።

«አህመድ» አልኩት። «አህመዴ።»