በሁለት እጅ የተጻፈ ደብተር

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ገና በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ከጣሪያው ሥር ክንድ የማታስገባ መስኮት። ጠባቂው ጫማዬንና ቀበቶዬን ተቀብሎ «በል እንግዲህ» አለኝና ከውጭ ቀረቀረው። በሩ የላሜራ ነው። ብየዳው መጥፎ ነበር፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ሳልታዘበው አላለፍኩም።

የተያዝኩት በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ከየቤታቸው የተወሰዱት ጎረቤቶቻችን የት እንዳሉ ስለጠየቅሁ ነው። በማግስቱ ብየዳ ቤቴን ፈተሹ። ይዘው የሄዱት እኔንና አንድ ደብተር ነው።

መጋዘኑ ያለው እዚያው በከተማችን በሐይቅ ነው፤ እስከ ቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ነው። ጂዳ ስድስት ዓመት ስኖር እንደዚያ ያለ ብቸኝነት አልተሰማኝም። የሚኒባስ ረዳቱ «ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው!» ሲል በድምፁ ማንነቱን አውቃለሁ። የመስጊዳችን አዛን ይሰማኛል። ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ የዓሣ ሽታ ይዞብኝ ይገባል። ከተማው በሙሉ አጠገቤ ነው፤ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ግን አንድም ዘመድ የለም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬና የሻይ ፔርሙዙ ተቀምጠዋል። ደብተሩን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። 304፣ ከጎኑ 1.4301፣ ከጎኑ ኤስ ዩ ኤስ 304።

«ይህ የማን ምስጢር ነው?»

«የማይዝግ ብረት ዓይነት ነው። ለአንዱ ብረት አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን የየራሳቸውን መጠሪያ ይሰጡታል። ዕቃው ከየትም ቢመጣ እንዳንሳሳት ብለን ነው የጻፍነው።»

«የጻፍነው?» አለ። «እኔም የጽሑፉ እጅ ሁለት ነው ብዬ ነበር።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ በሆዴ።

ሁለተኛው እጅ የጓደኛዬ ነበር። የአምባሰል ሰው ነው፤ ጂዳ አብረን ስንሠራ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ የባሕር ዳርቻ አጥር ጨው በሚቋቋመው በ316 መሥራት ሲገባን፣ የካርቶኑ ምልክት አምታቶን በ304 ሠራነው። የባሕሩ ጨው በጥቂት ወር ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣበት። አሠሪው ሲጮህብን ዋለ። ማታ ጓደኛዬ «አብሽር፣ ሁለተኛ አንሳሳትም» ብሎ ደብተሩ ላይ የብረቶቹን ሰንጠረዥ ጀመረ። እኔ በታሰርኩበት ሰሞን እሱም አገር ገብቶ ነበር፤ ሚስቱ ውጫሌ አራስ ነበረች። ስሙን ከተናገርኩ በዚያው ቀን ሄደው እንደሚያመጡት አውቅ ነበር።

«ፔርሙዝዎን ገልብጠው ይዩት» አልኩት።

ትንሽ አመነታና ገለበጠው። ከሥሩ ኤስ ዩ ኤስ 304 የሚል ተቀርጾበታል። አየው፤ ደብተሩን አየ፤ እንደገና ፔርሙዙን አየ። ያኔ ነጻ የወጣሁ መሰለኝ፤ እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ! ፔርሙዙን ወደ ቦታው መለሰና «እሺ፣ ብረት ነው። የጻፈው ማነው?» አለኝ።

ቀጥሎ አራተኛውን ዓምድ በጣቱ አሳየኝ። አናቱ ላይ «ሐይቅ» ብለን፣ የትኛው ብረት ለእኛ አገር ለምን እንደሚሆን አገር ስንገባ እንሞላዋለን ብለን ባዶውን የተውነው ነው። እስክሪብቶ አቀበለኝ።

«እዚህ ላይ ስሙን ጻፍና ቤትህ ግባ።»

ፈርቼ ነበር። ቤቴ ደግሞ ቅርብ ነው። መጻፍ ጀመርኩ። ከ304 ትይዩ «ለድስትና ለወተት ዕቃ» አልኩ። ከ316 ትይዩ «ለጨው ውሃ፤ የእኛ ሐይቅ ጨው ስለሌለው አያስፈልገንም።» ከ430 ትይዩ «ማግኔት ይይዘዋል፤ ለጌጥ እንጂ ውሃ ለማይለየው ዕቃ አይሆንም።» ከ201 ትይዩ «ርካሽ ነው፤ 304 ነው ብለው ይሸጡታል፣ ተጠንቀቅ።» ስጨርስ ደብተሩን በሁለት እጄ አቀበልኩት።

ሁሉንም አነበበው።

«የሰው ስም የለበትም።»

«የለበትም» አልኩ።

ሁለት ወር እዚያው መጋዘን ቆየሁ። አንድ ቀን ጫማዬንና ቀበቶዬን ሰጥተው ለቀቁኝ። ደብተሩን አልመለሱልኝም።

ጓደኛዬ ለገበያ ሐይቅ ሲመጣ ብየዳ ቤቴ ጎራ ይላል። መታሰሬን ያውቃል፤ ስለ ምን እንደጠየቁኝ አያውቅም። ብነግረው ዕድሜ ልኩን «ውለታህ አለብኝ» እያለ ይሳቀቃል፤ እኔ የምፈልገው እንደ ድሮው እንዲቀልድብኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የበር እጀታ ስበይድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣

«ያ ደብተራችን የት ገባ?» አለኝ።

«ጠፋብኝ።»

«ወላሂ አንተ ዕቃ መያዝ አታውቅም! የሐይቅን ዓምድ እንኳ ሳንሞላው!»

የብየዳ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አደረግሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።