የበደሳዋ አውቶብስና አራቱ ደብዳቤዎቼ

የድሮ ፊልም ሲታይ ሰው ሁሉ አክተሩን ያያል፤ እኔ ከኋላው የምታልፈውን አውቶብስ ነው የማየው። ልጆቼ ይስቁብኛል። «አባባ፣ ልጅቷ እያለቀሰች እኮ ነው!» ይሉኛል። ታልቅስ! አፍንጫዋ ወጣ ያለ፣ መብራቶቿ የፈጠጡ፣ ጣሪያዋ ላይ ጓዝ የተቆለለባት አውቶብስ ካየሁ ሌላው አይታየኝም። ሚስቴ ግን አትስቅም። የሆነውን አንድ ቀን ነግሬያት ነበር፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው። «ዛሬም ቀናህ?» ትለኛለች።

አዎ፣ ቀናሁ። ፀጉሬ ነጭ ሆኖ፣ ልጆች ድሬ፣ ዛሬም በአንድ ሾፌር እቀናለሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ አሰበ ተፈሪ አስተማሪ ነበርኩ። ከከተማችን ወደ በደሳ የምትሄድ አንዲት አውቶብስ ነበረችን፤ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ የምትመለስ። ሞተሯ ከፊት እንደ አፍንጫ ወጥቶ የተቀመጠ አሮጊት ነበረች። ብርድ በሆነ ጠዋት ከፊቷ ብረት ተሰክቶ በጉልበት እየተዞረ ነበር የምትነሳው፤ ስትነሳ መናኸሪያው በሙሉ «አልሐምዱሊላህ!» ይላል። ኩኒ ዳገት ላይ ውኃዋ ይፈላል፤ እስኪበርድላት ሰው ወርዶ ወሬውን ያወራል። የዛሬዎቹ ሚኒባሶች ማንንም አያስወርዱም፣ ማንንም ከማንም አያስተዋውቁም፤ ጠቅጥቀው ይወስዱሃል፣ በቃ። የሷ ማርሽ ጫፍ ላይ ደግሞ ውስጡ አበባ ያለበት የመስተዋት ኳስ ነበረ። ያቺን ኳስ አንድ ቀን ለመጨበጥ የነበረኝ ጉጉት፣ ወላሂ፣ ለትምህርትም አልነበረኝም።

ኳሷን የሚጨብጣት ሾፌሩ ነበር። ጥቁር መነጽር፣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረጋት ሻሽ፣ አንድ የወርቅ ጥርስ። ጡሩንባውን ሲነፋ ሴቱ ከደጁ ብቅ ይላል፣ ሽማግሌው ከጥላው ሥር እጁን ያነሳል። አስተማሪ ቢያልፍ ማን ዞር ብሎ ያያል? ኮቴ በጠመኔ ነጥቶ በዚያው መንገድ ስንት ዓመት ተመላለስኩ፤ አንድ ፍየል እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

ላገባት ያሰብኳት ልጅ በደሳ ነበረች። የሰፈራችን ልጅ፣ እንደኔው አስተማሪ፣ መንግሥት እዚያ የመደባት። እኔና እሷ ተስማምተናል፤ የቀረን ሽማግሌ ወደ አባቷ መላክ ነው። «ዓመቱን ልጨርስ፣ ከዚያ ትልካለህ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሄጄ እንዳላያት አልተመቸኝም። አዘቦት አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ፣ እሑድ አውቶብስ የለም፤ ከከተማ ለመውጣትም የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ የሚወስድልኝም ያው ሾፌሩ ነው።

ያን ጊዜ ወጉ እንደዚያ ነበር። ሾፌሩ የሰዉን ሁሉ ደብዳቤ ከፊቱ ካለው የፀሐይ መከላከያ ሥር ይሰካል፤ በደሳ ሲደርስ ባለቤቱ መጥቶ ይቀበለዋል። አንድ ሳንቲም አይወስድበትም። እኛ በፋንታው ከፖስታው ጀርባ «አድራሹን አላህ ያክብረው» ብለን እንጽፍለታለን። እኔም እጽፍ ነበር፣ ያውም ከልቤ።

ለኢድ ልጅቷ ከተማ መጣችና ከእህቷ ጋር ሦስት ሆነን ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ፊልም ገባን። የህንድ ፊልም ነው። መሀል ላይ አንዲት አፍንጫማ አውቶብስ ተራራ እየወጣች፣ ሾፌሯ ጥቁር መነጽር አድርጎ እየዘፈነ ብቅ አለ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ «ያ ረቢ! የኛው ሾፌር!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ፊልሙ እስኪያልቅ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የኛው? የማንና የማን?

ስንወጣ ጠየቅኳት። «ጋቢና ነው እኮ የሚያስቀምጠኝ፤ አስተማሪ ናት ብሎ ያከብረኛል» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት። ጋቢና! ከሾፌሩ ጎን ያለችው ወንበር እኮ የቃዲ ናት፣ የታላላቅ ሰው ናት፣ የበሽተኛ ናት። ከነዚህ ካልሆንክ ደግሞ ሾፌሩ የወደደው ሰው ነህ ማለት ነው። እኔ በዕድሜዬ ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም። ያን ቀን በማን እንደቀናሁ ራሴም አላውቅም።

ከዚያማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ጀመርኩ። የሷን መልስ ስቀበል ፖስታው መዝጊያ ላይ የግራሶ፣ የሞተር ቅባት ማለቴ ነው፣ የአውራ ጣት አሻራ አየሁ። በቃ፣ ከፍቶ ያነባል አልኩ። ሰውዬው ዳቦ ቢቆርስም ግራሶው ዳቦው ላይ ይቀራል፤ ይህን ማሰብ ግን ለቀናተኛ አይመጣለትም። መጀመሪያ ከፖስታው ጀርባ ምርቃቱን ተውኩ። ቀጥዬ ሰውዬውን ተውኩት።

ጎረቤቴ የጫት ነጋዴ ነው፤ ማለዳ ባዶ ፒካፑን ይዞ በደሳ ይሄዳል፣ ጫቱን ጭኖ እየበረረ ይመለሳል። ደብዳቤዬን ለሱ ሰጠሁት። «ኢንሻአላህ አደርስልሃለሁ» አለኝና ወንበሩ ሥር ወሸቀው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አራት። አራት ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ የለም። እኔ ደግሞ መልስ ባጣሁ ቁጥር የሁለቱ ነገር ይበልጥ የገባኝ መሰለኝ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ዘንዶዬን በገዛ እጄ እጎለጉል ጀመር።

አንድ ጠዋት ሾፌሩ መናኸሪያው ላይ ጠራኝ። «መምህር፣ ማል ታቴ? ምን ሆንክ? ደብዳቤ የለም?»

«የለም።»

«ደህና ነው ልበላት?»

«አንተ ምን አገባህ!» አልኩት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። መነጽሩን አደረገና ወደ መኪናው ወጣ። እኔ ረታሁት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ የአንድ ቀን ፈቃድ፣ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀቱን ለምኜ አገኘሁና ነገሩን ፊት ለፊት ልጨርሰው ተነሳሁ። ወይ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ወይ ቁርጤን አውቃለሁ። አውቶብሷ ላይ ወጥቼ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። «መምህር፣ ወደ ፊት ና» አለ። ጋቢናው ባዶ ነበር። ኩራቴ እምቢ አለ፣ እግሬ እሺ አለ። ሄድኩ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ያን ያህል ተቆጥቼ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ልጅቷን ለጥቂት ደቂቃ ረሳኋት። ረጅሙ አፍንጫ ከፊቴ፣ ኳሷ ከጉልበቴ አጠገብ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደኔ ሲመጣ፣ ሞተሩ እግሬን ሲያሞቀው። ለካ ይሄን ነው በየቀኑ የሚያየው አልኩ። እንደገና ቀናሁ።

ኩኒ ዳገት ላይ እንደ ልማዷ ፈላች። ሰው ሁሉ ወረደ። ሾፌሩ ውኃ ጨምሮላት እጁን በሻሹ እየጠረገ በኔ በኩል መስኮት ላይ መጥቶ ቆመ።

«ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከኔ ስማ» አለኝ። «ደብዳቤ ስታቆም ልጅቷ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ትመጣለች። የለም ማለት አፈርኩ። ከአሰበ ተፈሪ ገበያ ጊሽጣ ገዝቼ ‹መምህሩ ልኮልሽ ነው› አልኳት። ሁለት ጊዜ እንደዚያ አልኳት። በሦስተኛው ‹ወላሂ በል› አለችኝ። ወላሂ ማለት አልቻልኩም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹ታዲያ ማነው የገዛው?› አለች።» ወደ መሬት አየ። «ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ እሺ ብለዋል።»

«አላቆምኩም እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «በጫት መኪና ልኬያለሁ! አራት ደብዳቤ!»

ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀም። «የጫት መኪና ለደብዳቤ ይቆማል እንዴ፣ ኦቦሌሳ?» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ድምፁ ውስጥ ያለችው ሐዘኔታ ነች የገደለችኝ።

እዚያው ወረድኩ። አውቶብሷ ሞልታ፣ ጡሩንባዋን ነፍታ ዳገቱን ጨርሳ ተሰወረች። የጭነት መኪና እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስለ ጊሽጣ አሰብኩ። ጊሽጣን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከበሰለ በጣት ብትነካው ይፈርጣል። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ኮረኮንች፣ ሳይፈርጥ ለማድረስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአንድ እጁ ነድቶ መሆን አለበት። ያውም በእኔ ስም! በኳሷም፣ በመነጽሩም፣ በጋቢናውም ቀንቼ ነበር፤ እንደዚህ ግን አልቀናሁም።

በማግስቱ ማለዳ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። የፒካፑን ወንበር ሲያነሳ አራቱም አሉ፤ ጭቃ ነክቷቸው፣ የጫት ቅጠል ተለጥፎባቸው። «አፉ በለኝ፣ ረስቼው ነው» አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ምን እለዋለሁ፣ እሱ ጫት ነጋዴ ነው፤ ደብዳቤውን ከታማኝ እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቤቴ ገብቼ ከፍቼ አነበብኳቸው። ስለ ሾፌሩ መነጽር አለ፣ ስለ ጋቢናው አለ፣ «ለማን ነው እንደዚያ የምትስቂው?» የሚል አለ፤ አራተኛው ላይ ክብሬን ስለ ማዋረዷ ሁለት ገጽ ሙሉ አለ። «እንዴት ነሽ?» የሚል አንድም ቦታ የለም። ምድጃው ውስጥ ከተትኳቸው።

ኒካሑ ከመታሰሩ በፊት እህቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ሾፌሩ በጫት መኪና ልኬ እንደነበር ለልጅቷ ነግሯታል። «‹ምን ብሎ ጽፎልኝ ነበር ብለሽ ጠይቂው፣ እስካሁን አልረፈደም› ብላሃለች» አለችኝ።

ጠመኔው እጄ ላይ ነበር።

«ረሳሁት በያት» አልኳት።