የእትዬ ጥሩወርቅ ወስፌ አስቀናኝ

ዛሬ እዚሁ ቡሬ፣ እኔ ኤሌክትሪሺያኑ በአንድ ወስፌ ቀናሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቤት መብራት ስዘረጋ፣ ሽቦዎቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጌ ካሰርኩ በኋላ የአንዱን ክፍል ሽቦ መርሳቴን አየሁ።

እንደ ልማዴ ማሰሪያዎቹን በፒንሳ መቁረጥ ጀመርኩ። እትዬ ሰፌድ እየሰፉ ነበር፤ ቀና ብለው «ተው እንጂ ልጄ፣ ለምን ታባክነዋለህ?» አሉኝ።

ተነሥተው መጡና የወስፌውን ጫፍ ማሰሪያው ራስ ውስጥ ካለችው ትንሽ ምላስ ሥር ሰደድ አድርገው ከጥርሱ አላቀቋት። ጭራውን ወደ ኋላ ሲስቡት ሳይጫር ወጣ። የቀሩትንም እንዲሁ ፈቱልኝ፤ በእነሱው መልሼ አሰርኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ እንጂ ሆዴ እርር ብሏል። ኮሌጅ የተማርኩት እኔ። እሳቸው ግን ምንም እንዳላደረገ ሰው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ባወራላት ሳቀች። «የጤፉን ጆንያ በምን የማስረው መስሎህ ነው? ከዕቃ ሣጥንህ የወሰድኳት አንዲት ማሰሪያ ናት። በወስፌ እየፈታሁ መልሼ ሳስርባት ዓመት ሆናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቁረጥ ደስ የሚልህ መስሎኝ።»

እናንተንስ በገዛ ሙያችሁ ማን ቀደማችሁ? ብቻዬን ቀንቼ እንዳላድር ጻፉልኝ።