መጽሐፍ የምትገልጠዋ ልብስ ሰፊ

እትዬ መርፌ የሚሏት አፏ ስለሚወጋ ነው እንጂ ልብስ ስለምትሰፋ አይደለም፤ ልብስ ሰፊማ በየመንገዱ ሞልቷል። ደንበኛ መጥቶ "ሱሪው ጠበበኝ" ሲላት፣ "ሱሪውስ እንዳለ ነው፤ የሰፋኸው አንተ ነህ" ትለዋለች። እሱም ስቆ ሂሳቡን ይከፍላል።

ንባብ የጀመረችው ባሏ የሞተ ጊዜ ነው። ከስፌት መኪናው ድምፅ በቀር ቤቱ ጭር ሲልባት አንድ ልብ ወለድ አነሳች፤ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስታቆም ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እራፊውን ጠራርጋ ሻይ ታቀርባለች፤ ጡረታ የወጡት መምህርና ታክሲ ነጂው ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የያዙትን መጽሐፍ ያወራሉ። እሷ "ይሄን አንብብ" ካለች ማንበብ ነው። እስከዛሬ ያሳፈራት መጽሐፍ የለም፤ ካለም ደፍሮ የነገራት የለም። ሕጋቸው አንድ ነው፦ የመጽሐፍ መጨረሻ የተናገረ ሻይ አያገኝም። ታክሲ ነጂው አፉ አያርፍምና ስንቱን ቅዳሜ ጉሮሮው ደርቆ ሄዷል።

አንድ ቅዳሜ፣ አረንጓዴ ሽፋን ስላለው ወፍራም ልብ ወለድ ታወራለች። ከወንድሟ ጋር የተኳረፈች ሴት ታሪክ ነው፤ ገና ግማሹ ላይ ናት። "እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጄ ገብቶ አያውቅም። ስጨርሰው በተራ ትወስዳላችሁ" እያለች ሳለ የሰፈሩ ዳቦ ቤት ጋጋሪ በሩ ላይ ቆመች። ክንዷ ላይ ያለውን ዱቄት እንኳ አላራገፈችም።

"እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጽሐፍ ትገልጣለች ብለውኝ ነው።"

"እንገልጣለን እንጂ። ግቢ። ምን ዓይነት ነው የምትወጂው?"

ጋጋሪዋ ግራ ገባት። "እኔ ዓይነቱን ምን አውቄ። ብቻ ወንድሜ ይቀበለኝ እንደሆነ እዪልኝ።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባቸው። አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ "እትዬ መርፌ መጽሐፍ ገልጣ ችግሬን ፊቴ ላይ አስቀመጠችልኝ" ብላ ስታሞግሳት፣ ይቺ ምስኪን መጽሐፍ ገልጣ ዕድል የምትናገር መስላት መጣች። ታክሲ ነጂው ሳቁን ከሻዩ ጋር ዋጠው። እትዬ መርፌ ግን በዓይኗ ቀጣችው።

"የኔ እህት፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። ተቀመጪ። ወንድምሽ ምን ሆነ?"

ሴትየዋ የሆዷን ዘረገፈችው። እናታቸው ስትሞት ለቀብሩ ሳይደርስ ቀረ፤ እሷም በንዴት "ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም" አለችው። ይኸው ዓመታት አለፉ። አሁን ሩቅ ከተማ ታሞ ተኝቷል። ደውላ የነገረቻት ጎረቤቱ ናት እንጂ እሱ አልጠራትም። "ሄጄ ከደጅ ቢመልሰኝስ? እዚያው በቁሜ ነው የምሞተው" አለችና አለቀሰች።

መምህሩ ወደ እትዬ መርፌ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ "ይቀበልሻል በያትና ትሂድ። ለበጎ ነው" አሉ።

"አልዋሽም፣ ጋሼ።" አረንጓዴውን መጽሐፍ አነሳች። "ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማንበብ አልችልም። እዚህ ውስጥ ግን እንዳንቺው ከወንድሟ የተኳረፈች አለች። ታሟል ብለዋት፣ ልሂድ አልሂድ እያለች ነው።"

"መጨረሻቸውስ?"

"ገና አልደረስኩበትም።"

"እዪልኛ።"

እትዬ መርፌ በዕድሜዋ መጨረሻውን ቀድማ ገልጣ አታውቅም፤ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" እያለች ስንቱን አሳፍራለች። አሁን ጣቷ ሽፋኑ ላይ ቀረ። ፈራች። ቢታረቁ ደግ ነው፤ ባይታረቁስ? ይቺ ሴት ቃሉን እንደ ዕጣ ፈንታዋ ነው የምትወስደው። ገለጠችው። አነበበች። ደግማ አነበበች። ውሸት ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ፤ መለሰችው።

"አልደረሰችም" አለች። "ነገ ነገ ስትል ወንድሟ ሞተ። በሩን የከፈቱላት ለቀስተኞች ናቸው።"

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ጋጋሪዋ የክንዷን ዱቄት አራገፈች።

"እንኳን ሊቀበላት፣ ከደጅ ሊመልሳትም አልቻለም" አለች፤ ተነሳችም። "የማታው አውቶቡስ ያመልጠኝ ይሆን?"

ታክሲ ነጂው ቁልፉን ይዞ ቆሟል። "እኔ እያለሁ አያመልጥሽም።"

እትዬ መርፌ መጽሐፉን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። "መንገዱ ረጅም ነው። ያዢው።"

"አልጨረስሽውም እኮ።"

"መጨረሻውን አውቄው የለ" አለች፤ ፊቷ ግን ቅር እንዳላት ያስታውቃል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስልኳ ጮኸ። ጋጋሪዋ ናት። እትዬ መርፌ ሰላምታም አላስቀደመች። "ተቀበለሽ?"

"ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ።"

እትዬ መርፌ ቁጭ አለች። መምህሩና ታክሲ ነጂው አፍ አፏን ያያሉ።

"ምን ላድርግ" አለች ጋጋሪዋ፣ "ወንበር ስቤ መጽሐፍሽን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እሱ ዝም፣ እኔ ማንበብ። ትናንት ደክሞኝ ስዘጋው፣ 'ቀጥይ' አለኝ። ከመጣሁ ወዲህ የተናገረኝ ይቺን ቃል ብቻ ነው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ግን እትዬ፣ ሐኪሞቹ ብዙም ተስፋ አልሰጡኝም። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ምን እሆናለሁ?"

እትዬ መርፌ መልስ አጥታ አታውቅም፤ አሁንም አላጣችም። "ቀስ ብለሽ አንብቢ" አለቻት።