ከኋላ ሰው አለ

እስቲ ይህን ብረት እዩት። ሁለት ወፍራም ቋሚዎች ናቸው፤ ከታች ራቅ ራቅ ብለው ተተክለው ወደ ላይ ሲወጡ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ቀጭን ሰው ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ያልፋል፤ ወፍራም ሰው ሆዱን ስቦ ያልፋል። በአንዱ ጎን የቦዩ ውሃ፣ በሌላው ጎን ወደ ወንዙ የሚወርድ ገደል ስለሆነ ዞሮ ማለፍ የለም። አናቱ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ይህ መንገድ የሁሉም ነው።» ይህን የጻፈ እጅ አለማፈሩ!

ብረቱ ያለባት ክራግቦትም በሰሜን እንግሊዝ ተራሮች መሃል የተሰነቀረች ከተማ ናት። ዳቦ ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው እንኳ ወይ ዳገት ይወጣል ወይ ቁልቁለት ይወርዳል። ሜዳ የሚባል ነገር ያለው ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው በአሮጌው ቦይ ዳር ብቻ ነው። ድሮ ፈረስ የከሰል ጀልባ ይጎትትበት ነበር፤ ፈረሱ እንዳይደክም ተብሎ ተራራ ተቆርጦ፣ ጉድጓድ ተሞልቶ ተደለደለ። ለፈረስ እንዲህ ታሰበለት።

ብሬንዳ ግሪንዉድ በዚህች ከተማ ተወልዳ፣ ገና በለጋነቷ የሽመና ፋብሪካ ገባች። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን ሠራተኞቹ ሴቶች የሚግባቡት አንዷ የሌላዋን ከንፈር በማንበብ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን ቢቆጠርም ልማዱ አልለቀቃትም፤ ሰው ሲያወራት የምታየው አፉን ነው። እሷ ስታወራ ደግሞ ማሽኑ አሁንም እየዞረ ይመስል ትጮኻለች። ባሏ ክሊፎርድ ፖስተኛ ነበር። እሱ በእግሩ ያልረገጠው ዳገት በከተማይቱ አልነበረም።

ጡረታ ሲወጡ ሁለቱም በየሳምንቱ በእግር ከሚንሸራሸሩት «የማክሰኞ ተጓዦች» ጋር ገቡ። ተጓዦቹ አንድ የማይጣስ ደንብ አላቸው። ፊት የሚመራ አንድ ሰው፣ ኋላ የሚጠብቅ አንድ ሰው። ኋላ ጠባቂው ብርቱካንማ ሰደርያ ይለብሳል፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም። መጨረሻ ላይ መሪው «ከኋላህ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም «ማንም የለም» ይላል። ይህ ቃል ሳይነገር ጉዞው አላለቀም፤ ሻይም አይቀመስም። ሰደርያው ከመጀመሪያው ጀምሮ የክሊፎርድ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ግራ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱ ተያዘ። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚናገረውን የሚረዳው ሰው ጠፋ፤ ከብሬንዳ በቀር። እሷ ድምፁን መች ፈልጋ፤ ከንፈሩን ታነብባለች። ባለባትሪ ተሽከርካሪ ወንበርም ተገኘለት። ዳገቱ ቀርቶበታል እንጂ የቦዩ ዳር አለለት፤ ተጓዦቹ ሻይ የሚጠጡባት ጀልባም እዚያው ቦዩ ላይ ናት።

ብሬንዳ ሳትጠይቅ የምትገባ ሰው አይደለችም። የቦዩ አስተዳደር ቢሮ ደወለች።

«መንገዱ እስከ ሻይ ጀልባዋ ድረስ ሜዳ ነው?»

«ፍጹም ሜዳ ነው፣ እመቤቴ።»

እውነታቸውን ነው። ክሊፎርድ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ብረት መትከላቸውን ግን ማን ያንሳው? እሷ አልጠየቀች፣ እነሱ አልነገሩ።

ማክሰኞ መጣ። መሪው ሮይ ሰደርያውን በገዛ እጁ ለክሊፎርድ አለበሰው። ክሊፎርድም እንደ ሙሽራ ቀና ብሎ ከሁሉም ኋላ ተከተለ፤ ብሬንዳም ከጎኑ። ብረቱ ጋ ሲደርሱ ፊት ያሉት እያወሩ፣ እየተሳሳቁ፣ ሆዳቸውን እየሳቡ አንድ በአንድ ሾለኩ። አንዳቸውም ዞረው አላዩም። ለምን ይዙሩ? ኋላን ማየት የክሊፎርድ ሥራ ነዋ።

ብሬንዳ ጮኸች። ነፋሱ ወደ እሷ ነበርና ድምፅዋን መለሰባት። ወንበሩን ወደ ብረቱ ገፋችው፤ የወንበሩ መደገፊያ ከቋሚው ጋር ተጋጭቶ ቆመ። በጎን ሞከረች፤ አልሆነም።

ያን ጊዜ አንድ ጢማም ጎልማሳ በሞተር ብስክሌት እያንጓጓ መጣ።

«አያቴ፣ ተዘጋብህ እንዴ?»

«አያትህ አይደለም» አለች ብሬንዳ። «ቢሆንማ በደንብ ያሳድግህ ነበር።»

ሰውየው ሳቀ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የፊት ጎማውን አንስቶ፣ ዘንበል አድርጎ በብረቱ መሃል አሾለከው። ካለፈ በኋላ ግን ተመልሶ ወንበሩን ነቅነቅ አደረገው።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ከሞተሬ ይከብዳል። ብቻዬን አልችለውም።»

«ይሄን ብረት ያቆሙት እኮ ላንተ ነው። ሞተር እንዳያልፍ ብለው።»

«ለኔ?» ብረቱን ዳሰስ አደረገ። «እኔ ደግሞ እግሬን የማሳርፍበት መስሎኝ።»

አስነስቶ ሄደ። ክሊፎርድ በደህና እጁ ሰደርያውን መፍታት ጀመረ። ብሬንዳ አፉን አየች።

«ሂጂ» ይላል ከንፈሩ። «ልበሺውና ጨርሺላቸው። ሻዩ ይቀዘቅዝባቸዋል።»

«ምን ብዬ ልጨርስ?»

«ማንም የለም በያቸው።»

ብሬንዳ ሰደርያውን ለበሰች። መንገዱን ሁሉ በንዴት እየፈላች ሄደች። ያገባችው ሰው፣ በበረዶ የሰው ደብዳቤ ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሰው፣ አሁን «ማንም የለም» ውስጥ ሊገባ ነው። ያውም በእሷ አፍ።

ጀልባዋ ላይ ሻይ ተቀድቷል፣ የዝንጅብል ኬክ ተቆርጧል። ጥያቄው ብቻ ነው የቀረው።

«ክሊፍ ደከመው እንዴ፣ የኔ ውድ?» አለቻት ግሌኒስ፣ የቡድኑ አንጋፋ።

ሮይ ብድግ አለ። «እሺ ብሬንዳ፣ ከኋላሽ ሰው አለ?»

«አለ።»

ሳቅ ነገር ተጀምሮ ቆመ።

«አለ ማለት?»

«አለ ማለት አለ ነዋ። ክሊፎርድ አለ። ያ ሆዳችሁን ስባችሁ ያለፋችሁት ብረት ጋ ተቀምጧል።»

«ብሬንዳ፣ እሱ እኮ ለሞተር ነው የቆመው። ደንብ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ?»

«ሞተሩማ አለፈ። አሁን እዚህ በጎንህ ሲያልፍ አላየኸውም?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ግሌኒስ፣ አንቺ ቁጥቋጦ ውስጥ በገባሽ ቁጥር ጀርባውን ሰጥቶ ዝናብ ላይ የሚጠብቅሽ ማን ነበር? ሮይ፣ ወገብህ የተያዘ ቀን ማን ነው ደግፎ ያወረደህ? አንድ ቀን ደንብ ነው ብሎ ጥሏችሁ ሄደ?»

ግሌኒስ ኩባያዋን አስቀምጣ ኮቷን አነሳች። ሮይ ሻዩን አየ፣ ብሬንዳን አየ፣ ተከተለ። ሌሎቹም ተነሱ፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ኬካቸውን ይዘው ቀሩ፤ ስማቸውን እኔ አልጠራላቸውም።

ብረቱ ጋ ሲደርሱ ወንበሩን ለማንሳት ታገሉ። ጉልበታቸው የሽማግሌ ጉልበት፣ ወንበሩም የብረት ክምር፤ አልተነሳም። ስለዚህ እነሱ ወደ እሱ ሾለኩ፣ አንድ በአንድ፣ ሆዳቸውን እየሳቡ። ብሬንዳ ሰደርያውን መልሳ አለበሰችው። ፊታቸውን ወደ ከተማ አዞሩ፤ እሱ ኋላ ሆነ። በዚህ ጊዜ ግን ሁሉም እየዞሩ ያዩት ነበር።

ከተማው መግቢያ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ሮይ ጥያቄውን ጠየቀ። የክሊፎርድ አፍ ብዙ ታገለ። የወጣው ድምፅ ቃል አይመስልም፤ ያን ቀን ግን አስተርጓሚ ያስፈለገው አልነበረም። «ማንም የለም።»

ብረቱ ዛሬም እዚያው ነው። ተጓዦቹ ማክሰኞ ማክሰኞ እሱ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ብሬንዳ ለቢሮው ትደውላለች፤ እነሱ «ስሜትዎን እንረዳለን» ይላሉ። ስሜት ማን ጠየቃቸው? መፍቻ ያለው ሠራተኛ ይላኩ።

አንተም፣ አንቺም፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ጠባብ በር አይጠፋም። እባካችሁ፣ ካለፋችሁ በኋላ ዞር ብላችሁ እዩ። የቀረ ሰው ካለ ሻያችሁን አትጀምሩ።