ያልጎረነነ ድምፅ

ቸኮል አሻግሬ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ሳለ ላየው ሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ጠባብ፣ ድምፁም የሕፃን ነበር። በየጠዋቱ አገጩን በጣቱ ይዳብሳል፤ ምንም የለም። ብብቱን ያያል፤ እዚያም ምንም የለም።

ቤታቸው ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የደጋ ቀበሌ ነበር። አባቱ አሻግሬ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቱ ንግሥቴ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ታላቁ ቸኮል ነው፤ አምባቸው በሁለት ዓመት ያንሰዋል።

በ1965 በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ዘነበ ሳይባል አለፈ። በሬዎቹ ሞቱ። በዓመቱ የንግሥቴ ወንድም ፈንታሁን አባይን ተሻግሮ ከጎጃም መጣ።

«አንዱን ልውሰድልሽ» አላት። «ሁለቱን አልችልም፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

ንግሥቴ አንድ ቀን ሙሉ ስታስብ ዋለች። ቸኮል ያኔ ከደብሩ መምህር ከየኔታ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ዜማ ይማር ነበር።

«ትንሹን ውሰደው» አለች በመጨረሻ። «ተማሪ ለምኖም ይበላል። እሱን እግዜር አይጥለውም።»

በዚያ ዓመት ግን ለምኖ መብላት አልነበረም። ተማሪዎቹ በየደጁ ቆመው «ስለ ማርያም» ሲሉ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ሰዉ ጨክኖ አይደለም፤ የሚሰጠው አጥቶ ነው። ሳማ እየቀቀሉ በሉ። ከቸኮል ጋር ከሚማሩት ሁለቱ ሞቱ። እሱ ተረፈ፤ ገላው ግን ያኔ እንደነበረ ቀረ።

ንጉሡ ወርደው፣ የመሬት አዋጅ ታውጆ፣ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም አምባቸው ከጎጃም ተመለሰ። በር ላይ ሲቆም ራሱ ጉበኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጎንበስ ብሎ ወንድሙን ሳመና «እንዴት ከረምክ፣ አያ?» አለው፤ በጎረነነ ድምፅ። ንግሥቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው ሳቋ መጣ።

«አሁን የማያውቅ ሰው የቱን ታላቅ ይል ይሆን?»

ክፋት አስባ አልነበረም። ቸኮል ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በቤተ ክርስቲያን ድምፁ ይወደድ ነበር። ሲያዜም ሴቶች ያለቅሳሉ፤ የኔታም «ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁም» ይሉ ነበር። ምስጋናው እንደ ስድብ ያመው ጀመር። የእኩዮቹ ድምፅ ጎርንኖ፣ ፂማቸው አቀምቅሞ፣ እሱን «እማሆይ» ብለው ይጠሩታል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ድምፁስ መልካም ነበር፤ ግን ስልብ ነው አሉ» ስትል ሰማ።

ከዚያ ወዲያ ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ ወርዶ ገላውን መታጠብ ተወ። ፂም ሲላጭ ይበቅላል ሲባል ሰምቶ ባዶ አገጩን በደረቅ ምላጭ ፋቀ፤ ቆስሎ ሳምንት ሙሉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ከረመ። ድምፁን ለማወፈር ጉሮሮውን ሲያስጨንቅ ሳል ብቻ ሆነበት። በኋላ ዝም አለ። ሰው ሲጠይቀው ራሱን በመነቅነቅ ይመልሳል።

በ1969 ጥር ላይ ለማንም ሳይናገር መካነ ሰላም ክሊኒክ ሄደ። ድሬሰሩ ጎልማሳ ሰው ነበር። ልብሱን አስወልቆ አየውና «በስድሳ ስድስት የት ነበርክ?» አለው።

«እዚሁ።»

«ምን ትበላ ነበር?»

«ሳማ።»

ድሬሰሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «አብሽር፣ ልጄ። ረሀብ ነው ያዘገየህ። ጎደሎ አይደለህም። ይመጣል።»

«መቼ?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

ቸኮል ሰውየው አዝኖልኝ ነው እንጂ እውነቱን አልነገረኝም ብሎ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የእናት አገር ጥሪ መጣ። ሁለት ወንድ ልጆች ያሉት ቤት ታላቁን ለሚሊሻ እንዲሰጥ ታዘዘ። የቀበሌው ወንድ ሁሉ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። ከወረዳ የመጣው ካድሬ ሰዉን አያውቅም፤ ስም እያነበበ ያስነሣል።

«የንግሥቴ ልጆች!»

ሁለቱም ተነሡ። ካድሬው ቸኮልን አልፎ አምባቸውን አየ።

«ታላቁ አንተ ነህ?»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እውነቱን ያውቃል። ግን ቸኮል ቢቀርብ ሕፃን ነው ተብሎ እንደሚመለስ፣ ቀበሌውም አንድ ሰው እንደሚጎድለው ገባውና ወደ መሬት አቀረቀረ። አምባቸው ወንድሙን አየው። ቸኮል አፉን ከፈተ። «ታላቁ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። ከኋላው እማሆይ የሚሉት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። ያ ድምፅ በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ሲወጣ፣ ሳቁም ሲከተል ታየው። ሌላ ሰው ይናገርልኛል ብሎ ጠበቀ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ አምባቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አምባቸው «ተወው፣ አያ» አለ። «አንተን ቢወስዱህ ጠመንጃውንም አትችለው።» ሊያጽናናው ነበር። ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው።

አምባቸው ለሥልጠና ታጠቅ ጦር ሰፈር ሄደ፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ። አንድ ደብዳቤ ላከ፤ ደኅና ነኝ፣ አገሩ ሙቀት ነው የሚል።

ሐምሌ ላይ ቸኮል ቅዳሴ ላይ ሳለ ድምፁ ተሰነጠቀ። መስከረም ሲጠባ ጎርንኖ ነበር። ልብሱ አጠረው፤ አገጩ ላይ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ያ ድሬሰር አልዋሸውም። ቸኮልም ደስ አለው፤ ዕርሻ መካከል ብቻውን ቆሞ ድምፁን ለመስማት ይጮኽ ነበር። ወንድሙ ጦር ሜዳ ላይ እያለ እሱ ሁለት ወር ሙሉ በሕይወቱ አይቶት በማያውቀው ደስታ ከረመ።

ጥር ላይ የአምባቸው መርዶ ተነገረ። ሬሳ አልመጣም፤ ለቅሶው በኩታው ላይ ተለቀሰ።

ከለቅሶው በኋላ አንድ ቀን ቸኮል እንጨት ተሸክሞ መጣና ከውጭ «እማ፣ ክፈችልኝ» አለ።

ከውስጥ «አምባቸው!» የሚል ጩኸት ሰማ። «መጣህልኝ?»

ድጋሚ ሊናገር አልደፈረም። እንጨቱን እንደተሸከመ በሩ እስኪከፈት ቆመ።

የኔታ ቅስና ተቀበል ቢሉት እምቢ አለ፤ ዜማውንም ተወ። የአምባቸውን ድርሻ መሬት ከራሱ ጋር አረሰ። አግብቶ ልጆች ወለደ። ስልብ ነው ያለችው ሴት የልጁ ክርስትና ላይ መጥታ መረቀች።

ንግሥቴ በ1975 በጠና ታመመች። ያኔ ቸኮል ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ዓመታት የያዘውን ነገር አወጣ።

«ታላቁ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ፣ እማ። ድምፄን አፍሬበት ነው።»

«ያን ሳምንት ሰው ነግሮኛል» አለችው።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ፈንታሁን የመጣ ቀን እኔም አንዱን መርጬ ነበር። አንተን ለረሀብ ትቼ። በምን አፌ ልቆጣህ?»

ቸኮል ይቅር በይኝ አለ። እሷ ግን ይቅር ብዬሃለሁም፣ ይቅር በለኝም አላለችም። ውኃ ስጠኝ አለችው፤ ቀድቶ ሰጣት።