የካሤ የስም ሣጥን

ሰቆጣ ላይ «የጉዞ ማኅበር ሊመጣ ነው» ከተባለ፣ ከካህናቱም ከሆቴል ቤቶቹም ቀድሞ የሚሰማው ካሤ ነው። ሥራው ግንበኝነት ነው፤ ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው። ግን ከአዲስ አበባም ይምጣ ከጎንደር፣ አንድ አውቶቡስ ምእመን መናኸሪያው ላይ ሲራገፍ «አስተባባሪው የት አለ?» ይባላል፤ አስተባባሪው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳውን ሁሉ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ ወደ ወጣው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይዞ የሄደው እሱ ነው። የሕንጻውን ዕድሜ ሲያስረዳ አንዳንዴ መቶ ዓመት ይጨምርበታል። የደብሩ ቄስ መንግሥቴ ሲቆጡት «አባ፣ ድንጋይ አርጅተሃል ቢሉት አይቀየምም» ይላል።

ጥንቱን ብቻ አሳይቶ አይሸኝም። ጧፍ ወደ ቸገረው የገጠር አጥቢያ፣ የተማሪዎቹ ጎጆ ወደ ፈረሰበት የአብነት ትምህርት ቤት ይወስዳቸዋል። «አባቶቻችን ያነጹትን ተሳለማችሁ፤ አሁን ደግሞ የእኛ ዘመን ያነጸውን እዩ» ይላል የፈረሰውን ጎጆ እያሳየ። ይቺን ሰምቶ የማያፍር ተጓዥ የለም። ያፈረ ተጓዥ ደግሞ በዓመቱ ቆርቆሮ ጭኖ ይመጣል። ካሤ ሰው ማሳፈር ያውቅበታል።

ከተጓዥ ጓዝ መካከል፣ ስንቁ ቢረሳ ጃንጥላው ቢረሳ፣ የማይረሳ አንድ ነገር አለ፤ ወረቀት። አቅም ያጣ፣ የታመመ፣ ሥራ የያዘው ሰው የራሱንና የዘመዶቹን የክርስትና ስም ጽፎ ይልካል። ስሙ በዚያ ደጅ ከተጠራ እግሩም እንደ ደረሰ ይቆጠርለታል። የቄስ መንግሥቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ፣ ይኸው ዐሥራ አምስት ዓመት፣ ወረቀቶቹን የሚያነበው ካሤ ነው። አንዱ ወረቀት ባለቀ ቁጥር ቄስ መንግሥቴ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ያስባቸው» ይላሉ፤ ሕዝቡ «አሜን» ይላል።

ታዲያ የካሤ አነባበብ አይጣል ነው። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል እየተጋፉ ይወጣሉ። ፀሐዩ ሲበረታ፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ደግሞ ረጅሙን ወረቀት ከወገቡ ላይ አጥፎ «የቀሩትን ስማቸውን አንተ ታውቃለህ» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ነገሩ ሐሰት የለበትም፤ ግን የተጻፈው እንዲነበብ ነበር። ከሴቶቹ እጅ ወረቀት እየተቀበለች የምታቀብለው ልጁ ደጅይጥኑ ነበረችና፣ ሲያጥፍ ባየች ቁጥር «አባዬ፣ የሰው ስም እኮ ነው፤ ጤፍ አይደለም የምትወቃው» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል እንጂ አይሰማትም።

ወረቀቶቹን ግን አይጥልም። የክርስትና ስም መሬት ላይ ወድቆ አይረገጥም ብሎ፣ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ያስቀምጣቸዋል። ሣጥኗ ከመሙላቷ የተነሣ ክዳኗ በድንጋይ ነው የሚያዘው።

እዚህ ላይ የካሤን ጉድ መናገር ግድ ነው። የስንቱን አገር ሰው የክርስትና ስም በአፉ ያመላለሰው ካሤ፣ የገዛ ልጁን የክርስትና ስም አያውቅም።

ደጅይጥኑ የተወለደችው በእንቁጣጣሽ ቀን ነው። ካሤ በሳምንቱ ከአጫጆች ጋር ለሰሊጥ ወደ መተማ ወረደ፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እሱ በረሃ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ስሟን ሚስቱን ጠየቃት። ያን ጊዜ ጠላ ይወድ ነበር፤ ጠላ ቤት ደግሞ ምሥጢር አይቋጠርም። የክርስትና ስም መተተኛ ጆሮ እንዳይገባ ይደበቃልና ሚስቱ «አንተ አፈ ቀላል፣ አልነግርህም» ብላ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ። ነገ ይጠይቃል፣ ከርሞ ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ ያለ ነገር የት ይሄዳል? ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሚስቱ ታማ ሞተች። የክርስትና እናቷ እትዬ ምስራቅ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ከሰፋሪዎች ጋር ወደ ቆላ ወርደው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወባ ገደላቸው ተብሎ ተወራ፤ ካሤም አለቀሰላቸው። የቤቱ የንስሐ አባትም ተከትለው ዐረፉ።

ልጅቱ ራሷስ ቢባል፣ ራሷማ ታውቅ ነበር። ትቆርብ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» ብሏት አያውቅም።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ደጅይጥኑ እንደ ብዙ እኩዮቿ በአፋር አድርጋ ወደ ዐረብ አገር መንገድ ጀመረች። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለች። «አባዬ፣ ነገ እንሻገራለን አሉን። እኔ የለሁም ብለህ ወረቀት እንዳታጥፍ» ብላ ሳቀች፤ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ሆነ።

ካሤ የስልክ ቁጥሩን አልቀየረም። በጦርነቱ ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ስልኩን ሲረሳ፣ እሱ የሞላውን ስልክ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ሰቆጣ ገባች ከተባለ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፤ ፎቶዋን ያሳያል፤ «አላየኋትም አባቴ» ተብሎ ይመለሳል። ቤቱ ሲደርስ አሁንም በሩን ገፋ ያደርግና ትንሽ ይቆማል፤ «መጣህ?» የሚለው ድምፅ ይናፍቀዋል። ያ ድምፅ እንደሌለ ያውቃል፤ መቆሙን ግን መተው አልቻለም።

ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል፤ ላለ ሰው መልእክት ይላካል። ለጠፋ ሰው የሚደረገው ስሙን ማስጠራት ብቻ ነው፤ ካሤ ደግሞ ስሟን አያውቅም። ቄስ መንግሥቴ «እግዚአብሔር ደጅይጥኑ ብትለውም ያውቃታል» ይሉታል። እሱ ግን በተጠመቀችበት ስም ሊጠራት ይፈልጋል። ስለዚህ በየጉዞው መጨረሻ በግምት ይጠራታል። በእንቁጣጣሽ ተወልዳለች ብሎ አንዱን ዓመት ወለተ ዮሐንስ አላት፤ ሌላውን ዓመት ወለተ ራጉኤል። በጠራ ቁጥር የሌላ ሰው ልጅ የጠራ እየመሰለው አንገቱን ይደፋል።

ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እሑድ ቀን፣ የመተማው ማኅበር መጣ። ይህ ማኅበር ከዚህ በፊት አምስት ጊዜ መጥቷል፤ የቀረው ጦርነቱ መንገድ በዘጋባቸው ዓመታት ብቻ ነው። ትልቁ አውቶቡስ ገጠሩን ስለማይደፍር፣ የሐይደርን ቅጥቅጥ ተከራይተዋል። ሐይደር የሰቆጣ ነጋዴዎች ልጅ፣ እስላም ነው፤ ተጓዥ ሲያመላልስ ብዙ ዓመቱ ስለሆነ የበዓላቱን ቀን ከአንዳንዱ ዲያቆን ይልቅ ያውቃል። ከውቅሩ በኋላ ወደ አምደወርቅ አልፈው ለአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ማድረስ ነበረባቸው። ሐይደር ጠዋት መናኸሪያው ላይ ካሤን ለብቻው ጠርቶ «ከስምንት ሰዓት በፊት ካልተነሣን ይመሽብናል» ብሎ አስጠንቅቆታል።

ቅዳሴው አልቆ ካሤ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ወረቀት ሲሰበስብ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ቀረቡ። ከጉያቸው አንድ የደብተር ቅጠል አወጡ። ካሤ ገና ሳይቀበል ቅጠሉን አወቀው፤ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተር፣ እስከ ጫፉ በስም የተሞላ። ለራሱ «የመተማው ረጅሙ» ይለዋል። አምስት ጊዜ አንብቦታል፤ ማለት ከወገቡ በላይ።

«የሰፈራችን ሰው ስም ነው» አሉ አሮጊቷ። «መምህሩ ይጽፍልኛል፣ በሰው እልከው ነበር። ዘንድሮ ሳልሞት ልድረስ ብዬ ራሴ መጣሁ። አደራህን ወንድሜ፣ ሌላው እንኳ ቢታለፍ የመጨረሻዋን እንዳታልፍብኝ።»

ካሤ ወደ ቅጠሉ ግርጌ ተመለከተ። «አመተ ጽዮን፣ መንገደኛዋ» ይላል።

«መንገደኛዋ ማን ናት እናቴ?»

«የክርስትና ልጄ ናት። እዚሁ ሰቆጣ ነው ያነሣኋት፣ በኅዳር ጽዮን። በባሕር ሄዳ ድምጿ ጠፋ ብለው አጫጆች ነገሩኝ። እኔ ከማስጠራት በቀር ምን አቅም አለኝ? የካሤ ልጅ ናት፣ የግንበኛው።»

ካሤ የአሮጊቷን ምርኩዝ ያዘ። እሳቸው እንዳይወድቁ ብሎ አይደለም፤ ራሱ እንዳይወድቅ ነው።

«እትዬ ምስራቅ» አለ። «ወባ ገደላቸው ብለውኝ እኮ አልቅሼልዎት ነበር።»

እትዬ ምስራቅ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። እጃቸውን ሰደው ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ የሸበተ ጢሙን ዳሰሱ። «ወባማ ስንቱን ወሰደች፤ እኔን ሳታየኝ አልፋ ነው። ካሤ፣ አንተ ነህ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በኽምጣና፣ በዋግ አገውኛ ነው የተነጋገሩት፤ ለቅሶ በልጅነት ቋንቋ ይቀላል።

«እስከ ዛሬ ምነው ሳይነግሩኝ? ስሟን ስፈልግ ዐሥር ዓመቴ ነው» አላቸው።

እትዬ ምስራቅ ገረማቸው። «አባት አይደለህ? ታውቃለህ ብዬ ነዋ። እኔማ የምልከው፣ አንተ በምትጠራት ላይ ድምፄን ልጨምር ብዬ ነው።»

ካሤ ወደ ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን ከሣጥኗ ክዳን ላይ አነሣ። የሒሳብ ደብተር ቅጠሎቹን ከሌላው መለየት አላስቸገረውም፤ አምስቱም አሉ። በአምስቱም ላይ የእጁ መታጠፊያ አለ። በአምስቱም ላይ አመተ ጽዮን ከመታጠፊያው በታች ናት። ልጁ አምስት ጊዜ እዚያ ደጅ ድረስ መጥታ፣ አምስት ጊዜ አባቷ አጥፎ መልሷታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ካሤ እንደ መዳብም አልቆጠራት፤ ሣጥን ውስጥ ከቶ ድንጋይ ጫነባት። አለቀሰ። ሚስቱ የሞተች ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

ፊቱን በነጠላው ጠርጎ ሣጥኗን ታቅፎ ወጣ።

ቄስ መንግሥቴ መስቀላቸውን ይዘው፣ ተጓዡም ጥላ ጥላውን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ካሤ የእትዬ ምስራቅን ቅጠል አስቀደመ። ቀስ ብሎ ያነባል፤ በየስሙ ቆም ይላል። የሚያውቁት የሰቆጣ ሰዎች «ታሟል እንዴ?» ተባባሉ። ግርጌው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ ቢሰበርም ወጣ።

«አመተ ጽዮን» አለ። «መንገደኛዋ» የሚለውን አላነበበም። በእሱ ፈንታ «ልጄ» አለ።

ቄስ መንግሥቴ «ያስባቸው» ሊሉ የከፈቱትን አፍ ለአፍታ ያዙትና «ያስባት» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እትዬ ምስራቅ ከሁሉም ዘግይተው ብቻቸውን «አሜን» አሉ።

የዘንድሮዎቹ ወረቀቶች አንድም ሳይታጠፉ ተነበው አለቁ። ተጓዡ ነጠላውን እያራገፈ ሊነሣ ሲል፣ ካሤ ከሣጥኗ ውስጥ አንድ ያረጀ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። ማንበብ የጀመረው ከመታጠፊያው በታች ካለው ነው። እሱን ጨርሶ ሌላ አወጣ። ከዚያ ሌላ። ማን እንደ ላካቸው አያውቅም፤ ከተጠሩት መካከል ስንቱ በሕይወት እንዳለም አያውቅም። ቄስ መንግሥቴ ምንም ሳይጠይቁ በየወረቀቱ መስቀላቸውን ያነሣሉ። የተነሣውም ተጓዥ አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሐይደር ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ነፋ፤ ቆይቶ ደገመ። በመጨረሻ ሞተሩን እንዳስነሣ ትቶት በእግሩ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ካሤ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ይቺን እንኳ ይዝለሏትና እንሂድ።»

ካሤ ጣቱን ካቆመበት ስም ላይ ሳያነሣ ቀና አለ።

«የማንን ልጅ ልዝለል፣ ሐይደር?»

ሐይደር ሣጥኗን አየ፤ የካሤን ዓይን አየ። ተመልሶ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ።